3 ዓመት የተጠቀምንበት ባዮጋዝ፦ ጋዙ ጥሩ ነው፣ ዝቃጩ ግን ይበልጣል

እናቴ ጓሮ ያስገነባነው ባለ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ማብላያ (እበት አብላልቶ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ የሚያወጣ) ዘንድሮ 3 ዓመት ሞላው፣ ቤቱ ማቻከል ነው ከአማኑኤል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ደጋ ነው፣ 4 ከብት አለን። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩትን ሚቴን እናቴ ምድጃ ላይ ሲነድ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሰፈር ውስጥ ልናሰራ ነው እንዴት ነው የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ጥሩውንም መጥፎውንም እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዓይነቱ ስንዱ የሚባለው ነው፣ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2009 ሲጀመር አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች ያስፋፋው፣ ዲዛይኑ መጀመሪያ ከኔፓል የመጣ ነው። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የተሰራ ጉልላት አለው፣ በአንዱ በኩል እበትና ውሃ እኩል ለኩል በጥብጠህ ታስገባለህ፣ ውስጥ ሲብላላ ጋዙ ጉልላቱ ላይ ይጠራቀምና ራሱ እየተጫነ ዝቃጩን፣ ማለትም ተብላልቶ የቀረውን ቀጭን እበት፣ በሌላው በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ እናቴን አያገባትም።

መጀመሪያ ላይ ትግስት ይጠይቃል። ለመሙላት ብቻ የኛ ከብቶች እበት ስላልበቃ ከጎረቤት እየለመንን 2 ሳምንት ሙሉ ስንሸከም ነው የከረምነው። ከዛ ወደ 3 ሳምንት ጠበቅን፣ ጌጁ (የጋዙን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ) ከፍ አለ፣ ሁሉም ሰው ምድጃው ዙሪያ ተሰብስቦ ክብሪት ጫርኩ፣ እፍ ብሎ ጠፋ። ደግሜ ጫርኩ ጠፋ። እናቴ "ልጄ ገንዘብህን በሉህ" አለችኝ፣ ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ነገሩ ግን ጤነኛ ነው፣ መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውስጥ የቀረ አየር ነው፣ እሱ ደግሞ አይነድም። ጋዙን ውጭ ለቀን እንደገና እስኪሞላ ጠበቅን፣ ሁለቴ እንደዛ ካደረግን በኋላ ሰማያዊ እሳት ሱሱሱ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እናቴ እልል አለች። አዲስ የምታስገነቡ ሰዎች እዚህ ጋ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

ውስጥ የሚሰሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። አንዳንዶቹ ጭዱንና ሳሩን ይሰባብሩታል፣ ሌሎቹ ወደ አሲድ ይቀይሩታል፣ መጨረሻ ላይ ሜታኖጂን የሚባሉት ሚቴን ያወጣሉ፣ እነዚህ ኦክስጅን ካገኙ አይሰሩም። ላሟ ሆድ ውስጥ ያሉትም የነሱ ዘመዶች ናቸው፣ እበቱ ራሱ ዘሩን ይዞ ነው የሚገባው ማለት ነው፣ እርሾ አንገዛም። ረግረግ ስትረግጡ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ጋዝም ይሄው ነው፣ ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቮልታ በፈረንጆቹ 1776 ሐይቅ ዳር ጭቃ እየቆሰቆሰ ሰብስቦ ያቃጠለው እሱን ነው። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ድሮ እንደ ተረት ነበር የሚሰሙኝ፣ አሁን እናቴ ጓሮ አምጥቼ ጌጁን አሳያቸዋለሁ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ፈተና ለማለፍ ብቻ እንዳልሆነ በደንብ ይገባቸዋል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። በቀን 2 ባልዲ እበት በ2 ባልዲ ውሃ እናስገባለን፣ በበጋ ወደ 3 ሰዓት ያህል አንድ ምድጃ ያነዳል፣ ወጥ ሽሮ ድንች ቅቅል ውሃ ማሞቅ ሁሉ ይበቃል። ጭስ የለም! የናቴ ዓይን ጠዋት ጠዋት እያለቀሰ ነበር የሚያነጋው፣ አሁን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ እየፈተለች ድስቷን ትጠብቃለች። የድስቱ ቂጥ ራሱ ጥቁር አይደለም፣ በአመድ መፈተግ ቀርቷል። እንጀራ ግን አይሆንም፣ በቀጥታ ልናገር፣ እኛ ያለን ምድጃ መሃሉን ብቻ ነው የሚያግለው ምጣዱ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል፣ ስለዚህ ለእንጀራ አሁንም ምርጥ በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላይ ባህር ዛፍ እናነዳለን። ማገዶ ሙሉ በሙሉ ይቀራል የሚላችሁ ካለ እንዳታምኑት፣ የኛ ቤት ማገዶ ቀንሷል እንጂ አልቀረም።

ሁለተኛው ጉድለት ክረምት ነው። እነዚህ ፍጥረታት 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ነው የሚመቻቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ የኛ ደጋ ያንቀረፍፋቸዋል፣ 3 ሰዓት ይነድ የነበረው 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጉልላቱ ላይ አፈር ጨምረን ከላዩ ገለባ ከመርንበት፣ ትንሽ ረዳ ግን እንደ በጋ አይሆንም።

ሦስተኛው የኛው ስህተት ነው። አንድ ቀን የቤት ሰራተኛችን መበጥበጫ ገንዳው ይጽዳ ብላ በበረኪና አጠበችው፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ገባ። በ2 ቀን ውስጥ ጌጁ ወረደ፣ ለ3 ሳምንት ያህል ጋዝ የለም። በረኪና ጀርም ይገላል እኛ ግን የምንቀልበው ጀርሙን ነው፣ ልጅቷ ምን ታውቃለች ማንም አልነገራትም፣ ጥፋቱ ያላስረዳነው የኛ ነው። ኦሞ፣ በረኪና፣ ዲዲቲ፣ መድኃኒት የተወጋ ከብት እበት አታስገቡ፣ ላማችን አንቲባዮቲክ ስትወጋ እበቷን ለብቻ ነው የምናደርገው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። የሰራልን ግንበኛ የጉልላቱን ውስጥ ልስን አቻኩሎ ነው የጨረሰው፣ መጀመሪያ ዓመት ጋዙ በማታ ሞልቶ ጠዋት የለም። የሳሙና አረፋ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቀባን ምንም ቡልቅታ የለም፣ ኋላ ሌላ ግንበኛ አምጥተን ውስጡ ተከፍቶ አየር አግኝቶ ከቆየ በኋላ ገብቶ ሲያይ ልስኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘ። ልስኑ በየንብርብሩ መለሰንና ላዩ ቀለም መቀባት ነበረበት፣ የመጀመሪያው ግንበኛ አንዱን ዘሏል። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሚቴን ሳይነድ ወደ አየር ከወጣ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ነው ምድርን የሚያሞቀው፣ የሚያፈስ ማብላያ ይዞ አካባቢ ጠበቅኩ ማለት አይቻልም። ክብሪት ይዛችሁ ግን ፍሳሽ እንዳትፈልጉ፣ ሳሙና ብቻ። ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተታችሁ ቤቱን ክፈቱ፣ ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ሚቴኑ ራሱ ሽታ ስለሌለው ይሄ ነው የሚያስጠነቅቀን።

እንግዲህ ዝቃጩ። ባዮስለሪ ይሉታል፣ እኛ ዝቃጭ ነው የምንለው። ድሮ እበቱን ጠፍጥፈን ኩበት አድርገን ነበር የምናነደው፣ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሰማይ ነው የሚሄደው፣ ማሳው አመድ ብቻ ይደርሰዋል። ማብላያው ግን የሚወስደው ካርቦኑን ነው፣ ናይትሮጅን ፎስፈረስ ፖታሺየሙ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፣ ናይትሮጅኑም ከፊሉ ወደ አሞኒየም ስለሚቀየር ተክሉ ቶሎ ነው የሚያገኘው። ማለትም ያው አንድ እበት ድስቱንም ማሳውንም ያበላል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ባለፈው ዓመት ጓሮ ድንች ላይ ሞከርኩት፣ 3 መደብ በዝቃጭ 3 መደብ ያለ ምንም። በዝቃጭ የበቀለው ቅጠሉ ጠቁሮ እጅ ያህል ሰፋ፣ ሌላው ቢጫ ብሎ ቀረ፣ ሲቆፈር እናቴ ከአንዱ ግንድ ስር ያወጣችውን በነጠላዋ ይዛ ጎረቤት ለማሳየት ሄደች። ፀሐይ ላይ አታስጡት አሞኒያው ይተናል፣ እኛ ጥላ ስር ጉድጓድ ቆፍረን ከገለባና ከቅጠል ጋር እያነባበርን ነው የምናኖረው። በቆሎ ላይ የምንጨምረውን ዩሪያ ቀንሰናል፣ ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ ሆኖ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ የጎጃም ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፣ ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦታል፣ አሉሚኒየሙ ስር ይጎዳል ፎስፈረሱንም ይይዘዋል። ዝቃጭ ኖራን አይተካም፣ የኛም ማሳ ላይኛው በኩል ኖራ ካልበተንበት አልመለስ ብሏል።

ማን ያስገንባ? ከብቱን ቤት አስሮ የሚያድር፣ ውሃ ቅርብ ያለው፣ በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚቀልብ ሰው። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ቤት ከሆነ ሴቶቹ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው፣ አልመክርም። ሽንት ቤት ማገናኘት ይቻላል፣ እናቴ ግን አልፈቀደችም፣ አልገፋኋትም።

ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ጋዙ ሲሞላ ማታ ቫልቩን ዘግታችሁ ጌጁን ጻፉ፣ ጠዋት እንደገና አንብቡት። ከወረደ አትክፈሉት፣ መጥቶ ያስተካክል።