አቶም የሚያሳየው የጠረጴዛ ማይክሮስኮፕ በድሬዳዋ ወበቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ በማስተምርበት ቤተ ሙከራ፣ ለትምህርት የተሠራ አነስተኛ ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ መጠቀም ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። ለመግዛት የሚያስቡ መምህራን እንዳሉ ስለማውቅ የታዘብኩትን እነሆ።

አሠራሩ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር እ.ኤ.አ. በ1981 ዙሪክ ላይ የጀመሩት ነው፤ ሹል የብረት ጫፍ ናሙናውን ሳይነካ ከአንድ ናኖሜትር (የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) ባነሰ ርቀት ይጠጋል፣ ክፍተቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲሰፋም የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ምስሉ የሚሠራው ይህን ለውጥ በመለካት ነው።

ጫፉን የሚያዘጋጀው ተጠቃሚው ራሱ ነው። የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ የሆነውን ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ይዞ፣ በመቁረጫ ሰያፍ እየቆረጡ መጎተት ያስፈልጋል፤ እኛ የመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ቆርጠን አልሆነልንም። ናሙናችን በሆነው ግራፋይት (በንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ ካርቦን) ላይ ደግሞ ፕላስተር ተለጥፎ ሲላጥ፣ ስስ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ይዞ ይነሣና ከሥሩ ንጹሕ ገጽ ይወጣል። በስድስተኛው ሽቦ በ0.246 ናኖሜትር ርቀት የተሰለፉ ነጠብጣቦች ስክሪኑ ላይ ሲታዩ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። በግራፋይት ውስጥ ጎረቤታም አቶሞች የሚራራቁት ግን በ0.142 ናኖሜትር ነው፤ ከታችኛው ንጣፍ አቶም በላይ የተቀመጡት ደብዝዘው ስለሚቀሩ ግማሾቹ ብቻ ጎልተው ይታያሉ። መሣሪያው የሚለካው ኤሌክትሮኖችን እንጂ የአቶሞችን ፎቶ እንደማያነሣ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ትልቁ ችግር ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ወበቁ ሲበረታ ናሙናውና ጫፉ እየተለጠጡ ምስሉ ይንሻፈፋል፤ ቬንትሌተር ቢከፈት ይንቀጠቀጣል፣ ባጃጅ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍም መስመሩ ይዘላል። መመሪያው ስለዚህ አንዲት ቃል አልጻፈም። እኛ መሣሪያውን በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ባሳረፍነው ከባድ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንሠራለን፤ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ምስል ለድካሙ ይበቃል።

ናሙናው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። አንድ ተማሪ የከተማችንን ሲሚንቶ ይዞ መጥቶ ማየት ባለመቻሉ አዝኗል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ የሆነው፣ በጅረት ፋንታ በጫፉና በናሙናው መካከል ያለውን ኃይል የሚለካው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ነው የሚያስፈልገው። የምትገዙ ከሆነ ሽቦውን በብዛት አብራችሁ እዘዙ፤ እኛ ተጨማሪ ጠይቀን አቅራቢው አራት ወር አስጠብቆናል።