ድሮፕቦክስ፣ ጉግል ድራይቭ ወይስ ሲንክቲንግ? ለሁለት ቢሮ አንድ ፎልደር

ሁለት ቅርንጫፍ የከፈተ ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «አንድ ፎልደር ሁለቱም ጋ እንዲኖር ምን እንግዛ?» መልሴ አጭር ነው። አትግዙ። ድሮፕቦክስና ጉግል ድራይቭ ፋይላችሁን በኢንተርኔት የኩባንያው ማሽን ላይ እያስቀመጡ ያደርሳሉ፤ ሲንክቲንግ ግን ፎልደሩን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚገለብጥ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይጫናል፤ እሱን ጫኑ።

ሦስቱም ኔት ቢጠፋም ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለው ቅጂ እንድትሠሩ ያደርጋሉ፤ ጉግል ድራይቭ ግን ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ መስተካከል አለበት። መስመር ሲመለስ ቅጂዎቹን ያመሳስላሉ (ሲንክ ያደርጋሉ)። በሙያው ኦፕቲሚስቲክ ሪፕሊኬሽን ይሉታል። ሁለት ሰው አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው ብሎ ይነሳል፤ ግጭት ከተፈጠረ ኋላ ይታያል። መስመር እስኪመጣ ፋይሉ ተቆልፎ ይቆይ ብንል ደግሞ የእኛ ሥራ ግማሽ ቀን ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ስንት ያስከፍላል? ግጭት ሲመጣ የተሸነፈው ሥራ የት ይገባል?

ከዋጋው እንጀምር። የድሮፕቦክስ ነፃ ቦታ 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ከሦስት መሣሪያ በላይም አይፈቅድም። ባለ 2 ቴራው «ፕላስ» በየወሩ ሲከፈል 11.99 ዶላር፣ በዓመት ሲከፈል 119.88 ዶላር ነው። በአምስት ዓመት 599.40 ዶላር ይሆናል። ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ግን ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የምትካፈሉት ነው። 100 ጊጋው በአሜሪካ ዋጋ በወር 1.99 ዶላር ነው። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ፣ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ካርዱም የውጭ ክፍያ የሚሠራ መሆን አለበት። ውጭ ያለ ዘመድ እየከፈለላችሁ ከሆነ ደግሞ የቢሮው ፋይል በዘመድ ካርድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ዳታም ገንዘብ ነው። ጉግል ድራይቭ ላይ 500 ሜጋ ፋይል ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ወደ ውጭ ይወጣና ተመልሶ ይገባል። 1 ጊጋ ፓኬጅ በላ። ሲንክቲንግ ግን አንድ ራውተር ላይ ባሉ ማሽኖች መካከል ከፓኬጃችሁ ምንም ሳይነካ ያስተላልፋል፤ ኢንተርኔት ጭራሽ ባይኖርም ይሠራል። በቅርንጫፎች መካከል ኔት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ማሽኖችም በተመሳሳይ ጊዜ ክፍት መሆን አለባቸው። ለዚህ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ቀንና ሌሊት ክፍት ይሁን። 20 ዋት የሚበላ ከሆነ ወሩን ሙሉ 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው ካልሞተ መብራት ሲጠፋም ይቆያል።

አሁን ወደ ግጭቱ። ድሮፕቦክስ ሁለተኛውን ፋይል «ኮንፍሊክትድ ኮፒ» ብሎ ለብቻ ያስቀምጠዋል። ሲንክቲንግም አይጥለውም፤ ስሙ ላይ «ሲንክ ኮንፍሊክት»፣ ቀን፣ ሰዓትና የማሽኑን መለያ ጨምሮ ለሁሉም ያደርሰዋል። ኤክሴል ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ማስታረቅ የሰው ሥራ ነው። ይህን ማንኛቸውም አይሠሩላችሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፤ ሰዓት። ሲንክቲንግ ዋናውን የሚለየው በመጨረሻ በተሻሻለበት ሰዓት ነው። አሮጌው ተሸናፊ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት የአንዱ ቅርንጫፍ የክምችት ዝርዝር በግጭት ጊዜ ሁሉ ይሸነፍ ነበር። ዴስክቶፑን ስከፍተው የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዛሬ የተጻፈው የጥንት ይመስላል። ባትሪው ተቀየረ፣ ነገሩ ቆመ። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን በሐበሻ ሰዓት የሚሞላ ሰው ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጠዋት 9 ብሎ ያስገባል። ያ ማሽን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከሌላው ጋር ሲጋጭ ሥራው ይሸነፋል። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የጊዜ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉት።

ለስልክ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። የሲንክቲንግ ኦፊሴላዊ የአንድሮይድ አፕ በዲሴምበር 2024 ቆሟል። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርድ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ማን እንደነካካው አይታወቅም፤ የቢሮ ፎልደር የሚያነብ አፕ ከእንደዚያ ዓይነት ቦታ አይወሰድም። እኔ ስልኩን ትቼ በኮምፒውተር ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ።

«ፍላሽ ብንመላለስስ?» የሚሉም አሉ። «2 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ይገኛል፤ ሲሞላ ዝም ብሎ ይቀበልና ፋይሉ በኋላ አይከፈትም። እሱን እርሱት።

ሲንክቲንግ ስትጭኑ የፋይል ቨርዥኒንግን፣ ማለትም የተቀየረ ወይም የጠፋ ፋይል አሮጌ ቅጂ የሚያስቀረውን፣ አብሩ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ጋ የጠፋ ፋይል ሌላውም ጋ ይጠፋልና ያለ እሱ ባክአፕ አለን አትበሉ። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን የምትጠቀሙ ደግሞ የተከፈተውን የዳታ ፎልደር በየትኛውም ሲንክ ውስጥ አታስገቡ። ፋይሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ከደረሰ ሒሳቡ አይከፈትም። ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ባክአፕ አውጡ፣ ባክአፑን ብቻ ሲንክ አድርጉ።

ጉግልን የምመርጠው ለአንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዎች ኔት እያላቸው አንድ ሠንጠረዥ ላይ አብረው ሲጽፉ። ያኔ ጉግል ሺትስ ይሻላል፤ ለእሱም ነፃው 15 ጊጋ ይበቃል።