ካች ካን፣ ባለ ማጣሪያ ወይስ በኩላንት የሚሞቅ? ለቱርቦ ሞተር የሚሆን የዘይት ሴፓሬተር ንጽጽር

የቱርቦውን መግቢያ ቱቦ ፈትተው ጣትዎን ሲያስገቡ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ ቶሎ ብለው ቱርቦው ላይ አይፍረዱ። ምንም ችግር የሌለበት ቱርቦም ላይ ይህ ይታያል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሱ ከሞተሩ መተንፈሻ ነው።

ነዳጁ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ፋሻዎቹ ጥግ ሾልኮ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይወርዳል። እዚያ ያለውን የዘይት ጭጋግ ይዞ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይ ክፍል) ክዳን በኩል ይወጣና፣ በአየር ማጣሪያውና በቱርቦው መካከል ባለው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። ጋዙ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ፋብሪካው ያበጀው መንገድ ነው። ጣጣው አብሮት የሚሄደው ዘይት ነው። ኢንተርኩለሩን (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ) ከውስጥ እየለበሰ ሙቀት የማውጣት አቅሙን ይቀንሰዋል። በናፍጣ ሞተር ከኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተር ከሚመልሰው መስመር) የሚመጣው ጥላሸት ሲቀላቀልበት እንደ ሬንጅ ይወፍርና የአየር መግቢያውን ያጠብበዋል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭ ሞተር ደግሞ የመግቢያ ቫልቮላዎቹን የሚያጥብ ነዳጅ ስለማያገኛቸው ዘይቱ እላያቸው ላይ ይጋገራል። ሲሊንደር የገባውም ዘይት የቤንዚኑን ኦክቴን ስለሚያወርድ ሞተሩ ጭነት ላይ እንዲያንኳኳ መንገድ ይከፍታል።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት መፍትሔ አለ፦ ተራ ካች ካን (ዘይቱን የሚያጠራቅም ጣሳ)፣ የሚቀየር ማጣሪያ ያለው ሴፓሬተር (ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ዕቃ)፣ እና በኩላንት (ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) እየሞቀ ዘይቱን ወደ ሞተር የሚመልስ ሴፓሬተር። ሻጩ ሁሉ «ብዙ ዘይት ይይዛል» ይልዎታል። እኛ የምንመዝናቸው ግን በሁለት ጥያቄ ነው። ጋዙን ሳያንቅ ያሳልፋል ወይ? የያዘውስ ፈሳሽ የት ይሄዳል?

ሁለተኛውን ጥያቄ ከባድ የሚያደርገው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ወይም ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ በፋሻው የሾለከው ግን ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያገኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ለዚህ ነው ከካች ካን ንጹሕ ዘይት የማይወጣው። የሚወጣው ማኪያቶ የሚመስል፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት ፈሳሽ ነው። እሱን መልሶ ሞተር ውስጥ መጨመር በፍጹም አይገባም።

ተራ ካች ካን

ከሦስቱ ርካሹና ለመግጠም ቀላሉ ይህ ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የአሉሚኒየም ጣሳው ከውጭ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ ውስጡ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ያስከፍቱ። ጋዙን የሚያጋጭ መከለያና ጭጋጉን ወደ ጠብታ የሚሰበስብ ወንፊት ከሌለው ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ጋዙ በአንዱ አፍ ገብቶ ዘይቱን እንደያዘ በሌላው ይወጣል። ባዶውን ገዝተው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የሚጠቀጥቁበት አሉ። የሽቦው ፍቅፋቂ እየተበጠሰ ወደ ቱርቦው ምላጭ ስለሚሄድ ይህን እንዳያደርጉ አጥብቀን እንመክራለን።

ካች ካን ባለቤቱ ካልደፋው አይሠራም። በመጀመሪያ 500 ኪ.ሜ. ላይ ይክፈቱትና ምን ያህል እንደያዘ ይዩ፤ ከዚያ ግማሽ ሳይደርስ እንዲደፋ ቀጠሮውን ይወስኑ። ራዲየም የተባለው ድርጅት የሚሠራው ካች ካን መለኪያ ዘንግ ስላለው ሳይፈቱት መጠኑን ያያሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ባለቤቱን ዘወትር እንዲያይ የምታደርገው ግን እሷ ናት። ሞልቶ የተረሳ ካች ካን ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል፤ ዳገት ላይ ወይም ኩርባ ላይ የተጠራቀመውን በአንዴ ወደ ቱርቦው ይለቀዋል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ ያነደዋል፤ ቁልፉ ቢጠፋም ዘይቱ እስኪያልቅ ዙሩን እየጨመረ ሊሮጥ ይችላል።

በቤንዚን ቱርቦ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። መተንፈሻው ሁለት መንገድ አለው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጋዙ በፒሲቪ ቫልቩ (የመተንፈሻውን ጋዝ በሚቆጣጠረው ቫልቭ) ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቱቦ) ይሳባል፤ ቱርቦው ሲነፋ ፒሲቪው ይዘጋና ጋዙ በሌላኛው ቱቦ ወደ ቱርቦው መግቢያ ይሄዳል። አንድ ካች ካን በፒሲቪው በኩል ብቻ ያስገጠመ ሰው፣ ብዙ ዘይት የሚጓዝበትን የጭነት ጊዜ ሳይሸፍን ይቀራል። በማኒፎልዱ በኩል ያለው የጣሳ ክዳን አየር ካስገባ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ የምርመራ መሣሪያው ላይም ፒ0171 የሚለው ኮድ (ከነዳጁ አየሩ በዝቷል ማለት ነው) ይወጣል።

ባለ ማጣሪያው ሴፓሬተር

ለናፍጣ ፒክአፕና ለላንድክሩዘር ባለቤት ምርጫችን ይኸኛው ነው። በሰፊው የሚታወቀው የጀርመኑ ማን-ሁመል ፕሮቬንት 200 ሲሆን፣ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር በደቂቃ የሚያሳልፈውን 200 ሊትር ጋዝ ያመለክታል። አፎቹ 25 ሚ.ሜ. ናቸው። በሃይሉክስ 3.0 ሊትር 1ኬዲ እና 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሞተሮች ላይ በቴስታታው ክዳንና በቱርቦው መግቢያ መካከል ይገባል።

ከካች ካን የሚለየው ጭጋጉን በወፍራም የቃጫ ማጣሪያ ስለሚያሳልፈው ነው። የብረት ወንፊት የሚያመልጡት ደቃቅ ጠብታዎች እዚህ እየተያያዙ ይወፍሩና ይወርዳሉ። እኛን በይበልጥ የሚያሳምነን ግን ሲደፈን የሚያደርገው ነው። የመከላከያ ቫልቭ ስላለው ማጣሪያው ቢዘጋ ግፊቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሰዋል፤ የክራንኩ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ማሸጊያ) አይነፋም። ማጣሪያውን ከ30,000 እስከ 40,000 ኪ.ሜ. ባለው ጊዜ ይቀይሩት፤ አጥቦ መመለስ አይሠራም። ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት መለዋወጫ ማጣሪያውን ከየት እንደሚያገኙ ያረጋግጡ፤ ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ሁለት አንድ ላይ ያስመጡ።

ቅጂው ብዙ ነው። የፕላስቲኩ ቅርጽና ቀለም በደንብ ስለተመሰለ ከውጭ ማየት አይረዳዎትም። ይክፈቱት፦ ማጣሪያው ጠርዙ ላይ በማሸጊያ ጎማ ጠበቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በእጅ ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ጋዙ በጎኑ ያልፋል። የመከላከያ ቫልቩንም በጣት ገፋ አድርገው ስፕሪንግ እንዳለው ይሞክሩ፤ በፕላስቲክ የተደፈነ ከሆነ ይመልሱት።

የተያዘውን ዘይት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ በኩል ወደ ኮፓ መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ አጫጭር ጉዞ ለሚያደርግ መኪና ግን ይህን አንመክርም። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ በተለይ በክረምት፣ ከዘይቱ ጋር ውሃ ይመለሳል። ከታች ቱቦ አውርደው በቡሽ ፋንታ ቧንቧ ይግጠሙለትና ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ያፍስሱት። ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ ለሚሠራ መኪና መመለሱ ያስኬዳል።

ቦታውን ሲመርጡ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ያርቁት፤ አካሉ ፕላስቲክ ነው።

በኩላንት የሚሞቀው

ይህ በብዛት የሚሸጠው ለሱባሩ ቱርቦዎች ሲሆን፣ አይኤጂ እና ክሮፎርድ የታወቁ ሠሪዎች ናቸው። የሱባሩ ሲሊንደሮች ወደ ጎን የተኙ በመሆናቸው ረጅም ኩርባ ላይ ዘይት በአንዱ ቴስታታ ይጠራቀምና በመተንፈሻው ይገፋል፤ ስለዚህ እዚህ ሴፓሬተር ጌጥ አይደለም። የራዲያተሩ ትኩስ ውሃ በዕቃው ግድግዳ ውስጥ ስለሚዞር ከጋዙ ጋር የመጣው ውሃ ጠብታ ሳይሆን እንፋሎት እንደሆነ ያልፋል፤ ወደ ሞተር የሚመለሰው ዘይቱ ነው። መድፋት የለም፣ ማጣሪያ መቀየርም የለም።

ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሁለት የኩላንት መስመር ስለሚጨመር የሚያፈስበት ቦታም ይበዛል። ከተገጠመ በኋላ አየሩ በደንብ ካልወጣ ሞተሩ ይግላል።

በሚኒሶታ፣ በካናዳ ወይም በስካንዲኔቪያ የሚኖር የቤንዚን ቱርቦ ባለቤት ከሆኑ ግን ያለማመንታት ይህንኑ ይግዙ። እዚያ በካች ካን ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ መተንፈሻውን ይዘጋል፤ ጠዋት ሲነሳ የዘይት መለኪያው ከቦታው ይዘላል ወይም የኋላው ፓራኦሊዮ ያፈሳል። ካሊፎርኒያ ላሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ የግዛቱ አየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የሌለው ዕቃ በስሞግ (የመኪና ጭስ) ፍተሻ ሊያስጥልዎት ይችላል። ጋዙን ወደ ውጭ የሚለቅ ገጠማም አያልፍም።

የትኛውንም ቢገዙ

ቱቦው ላይ አይቆጥቡ። የራዲያተር ጎማ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሠራበት ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ሲሳብ ይጣበቃል። ለዘይትና ለነዳጅ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበትን ይጠይቁ። ውፍረቱንም አይቀንሱ። የ19 ሚ.ሜ. መተንፈሻ በ12 ሚ.ሜ. ቱቦ ቢተካ የጋዙ መንገድ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ቱቦው መሃል ላይ ረግቦ ሆድ ከሠራ ውሃ ይቋጥራል፤ ከሞተሩ እስከ ሴፓሬተሩ ያለማቋረጥ ተዳፋት ይኑረው።

መታነቁን የሚለካ ቀላል ዘዴ አለ። ሦስት ሜትር ግልጽ ቱቦ ወደ ታች በግማሽ አጥፈው ታችኛውን ክፍል በውሃ ይሙሉ፤ አንዱን ጫፍ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ላይ አየር እንዳያሳልፍ አድርገው ይሰኩት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቆሞ ሲዞርና በ2,500 ዙር የሁለቱን ወገን የውሃ ልዩነት ይለኩ፤ 1 ሳ.ሜ. ወደ 1 ሚሊባር ይጠጋል። ሴፓሬተሩን ከገጠሙ በኋላ ይድገሙት። ከ5 ሳ.ሜ. በላይ ከጨመረ ቱቦው ጠቧል ወይም ዕቃው ለሞተሩ ያንሳል።

ከመግጠምዎ በፊት ያለው ልኬት ራሱ ከፍ ካለ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈትም ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ፋሻው አልቋል። መጀመሪያ ኮምፕረሽኑን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ያስለኩ፤ የሴፓሬተሩን ገንዘብ ለሞተር ጥገናው ያቆዩት።