የሐበሻ ውሻ ወይስ ጀርመን ሼፐርድ?

ደሴ ላይ ግቢ ያለው ሰው ውሻ ላሳድግ ካለ ክርክሩ ያው ነው፦ የሐበሻ ውሻ ወይስ ጀርመን ሼፐርድ? እኔ ሁለቱንም አሳድጌያለሁ።

ሼፐርዱ ግርማ ሞገስ አለው። መነሻው በግ ጠባቂ ነው፤ ጀርመን ውስጥ በዝርያነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን ፖሊስና ወታደር የሚወዱት ቶሎ ስለሚማር ነው። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ታዲያ ይህን ሁሉ አካል የሚቀልበው ማን ነው? የእናንተ ኪስ! ፀጉሩ ድርብ ስለሆነ የደሴን ብርድ ከምንም አይቆጥረውም፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ግን ቀትር ላይ ሲያለከልክ ነው የሚውለው። ደግሞ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፣ የእኔም ሲያረጅ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር።

የሐበሻው የተረፈ እንጀራ በልቶ ያድራል። ተቀመጥ ብትሉት አይሰማም፣ እውነት ለመናገር ስሙን ስትጠሩትም ደስ ካለው ነው የሚመጣው። ሌሊት በጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህ ግን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው፣ ገጠር ያሉ ዘመዶቼም ዝንጀሮ ከማሳ የሚያባርሩት በእሱ ነው።

ለማሰልጠን ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ ሼፐርድ ውሰዱ። እኔ ሐበሻዬን አልቀይርም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ለሁለቱም!