«9250 ነው» ብለው 6500 እንዳያስታቅፏችሁ

የገዛሁት የእንቅስቃሴ መለኪያ (ሴንሰር) ቦርድ ላይ በደማቁ «ኤምፒዩ-9250» ተጽፏል። የተበየደበት ቺፕ ግን 6500 ነው። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እናንተ በአምስት ደቂቃ እንድትደርሱበት ነው የምጽፈው።

እዚህ ዳላስ ከፎም የሠራኋት ትንሽ አውሮፕላን አለችኝ። ራሷን አመጣጥና ብቻዋን አቅጣጫ ይዛ እንድትበር ነው ሐሳቤ። ከኢንተርኔት ገበያ አራት ሴንሰር አዘዝኩ፤ ሁለቱ ለእኔ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለሚሠራው የአክስቴ ልጅ።

እውነተኛው 9250 ሦስት ነገር ይለካል። ጋይሮው የመዞር ፍጥነትን፣ አክስለሮሜትሩ የስበትን አቅጣጫ፣ ማግኔቶሜትሩ (ኮምፓሱ) ሰሜንን። 6500 ማግኔቶሜትር የለውም። ሁለቱም 3 በ3 ሚሊሜትር ስለሆኑ በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ጋይሮ ብቻውን ቀስ በቀስ ይስታል። ክንፏ ቢጋደል ወይም አፍንጫዋ ቢደፋ አክስለሮሜትሩ ስበትን አይቶ ያርመዋል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞሯን ግን ከስበት ማወቅ አይቻልም። ለዚያ ኮምፓስ ያስፈልጋል። የእኔዋን ጠረጴዛ ላይ ትቻት ቡና አፍልቼ ስመለስ፣ ንቅንቅ ሳትል ስክሪኑ ላይ 40 ዲግሪ ዞራለች።

ጥፋቱ የኮዴ መስሎኝ ስንት ሌሊት አፈጠጥኩ። ሴንሰሩን የሚያነበው ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) መጀመሪያ ላይ «ይሄን ቺፕ አላውቀውም» ብሎኝ ነበር። አንዱ «መፈተሻዋን የኮድ መስመር አጥፋት፣ ይሠራል» አለኝ፤ አጠፋኋት፣ ሠራም። ኮምፓሱ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ለካ ያቺ መስመር እውነቷን ነበር! እባካችሁ ይህን ምክር አትስሙ።

ቺፑን ራሱን «ማነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚህ በታች ያሉት አድራሻዎችና መልሶች ሁሉ በሄክስ (በ16 መሠረት) የተጻፉ ናቸው። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 68 ነው፤ ሬጅስተር (የቺፑ የቁጥር ማስቀመጫ) 75ን አንብቡ። 71 ካለ 9250 ነው፣ 73 ካለ ወንድሙ 9255፣ 70 ካለ ግን ተሸውዳችኋል። 71 ቢልም እዚያ አትቁሙ። ባይፓሱን (ወደ ውስጠኛው ኮምፓስ በቀጥታ የሚያሳልፈውን መንገድ) ክፈቱና ኮምፓሱን በአድራሻ 0ሲ ፈልጉት፤ ሬጅስተር 00 ላይ 48 ብሎ መመለስ አለበት። ባይፓሱ ሳይከፈት ስካን አድርጋችሁ «የለም» ብላችሁ ሻጩን እንዳትሰድቡት።

የእኔው ሻጭ ግን ይሰደባል። «ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ኮድህን አስተካክል» አለኝ። የ70ን ፎቶ ስልክለት ግማሹን ልመልስ አለ። ደግነቱ የመመለሻው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር በገበያው በኩል ሙሉውን አስመለስኩ። ዕቃውን መልስ አላሉኝም። እና ሴንሰር እንደመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ፈትሹ።

ለብቻው የሚሸጠው ኮምፓስም ይኸው ጣጣ አለበት። «ኤችኤምሲ5883ኤል» ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኪውኤምሲ5883ኤል ነው። አንደኛው በአድራሻ 1ኢ፣ ሌላኛው በ0ዲ ይመልሳል፣ ኮዳቸውም አይገጥምም። ኪውኤምሲው ይሠራል፤ የሚያናድደው በሰው ስም መምጣቱ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ማመጣጠን ብቻ ለፈለገ 6500 ይበቃዋል፤ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ይግዛው። ኮምፓስ የፈለገም ከሞተሩና ከባትሪው ሽቦ ራቅ አድርጎ ለብቻው ይስቀለው፣ በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። 9250 ደግሞ የቆየ ሞዴል ነው። አዲስ ነው ተብሎ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ጠርጥሩ።

የአክስቴ ልጅ የሚሠራው በሁለት ጎማ የሚቆም ሮቦት ነው፣ ኮምፓስ አያስፈልገውም። ሁለቱን ላክሁለት። ፖስታው ላይ ግን በማርከር «6500» ብዬ ጽፌበታለሁ።