ሮስት በመጋቢት፦ ለዓሣ አጥማጅ በተሠራች ደሴት እንግዳ ሆኖ መሰንበት

ሮስት በሰሜን ኖርዌይ፣ ከሎፎተን ደሴቶች ጫፍ ላይ፣ ከቦዶ ከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ርቃ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ነዋሪዋ አምስት መቶ አይሞላም። ሰው የሚኖርበት ዋናው ደሴት ሜዳ ሲሆን ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ወለል 12 ሜትር ብቻ ነው። እናቴና እኔ በስደት ኖርዌይ ስንደርስ የተመደብነው እዚያ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት፣ እርሷም በዓሣ ማዘጋጃ ተቀጥራ የሠራችው በሮስት ነው። አሁን እርሷ ኦስሎ ናት፤ እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ ነኝ። በደሴቷ ላይ የእኛ የምንለው ቤት ስለሌለ ዘንድሮ በመጋቢት ስመለስ እንደማንኛውም መንገደኛ ትኬት ቆርጬ፣ ማረፊያ ተከራይቼ ነው የሰነበትኩት። ቤተሰባቸውን ይዘው ለመሄድ የሚያስቡ ስላሉ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በሮስት ለዓሣ አጥማጁ ተብሎ የተዘጋጀ አገልግሎት ሁሉ ያስተማምናል። ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀው ግን ከሰኔና ከሐምሌ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ይህን ያወቀ ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል።

ከቦዶ በትንሽ አውሮፕላን የሚደረገው በረራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ነፋስ ሲበረታ ግን ይሰረዛል። የእኔም ተሰረዘ፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ደሴቷ በውቅያኖስ መካከል ናት። የምወቅሰው ስሙን የማልጠራውን በኢንተርኔት ትኬት የሚሸጥ ድርጅት ነው። እስከ ሮስት ድረስ አንድ ትኬት ነው ብሎ የሸጠልኝ ለካ ተለያይተው የተቆረጡ ትኬቶች ኖረዋል። የመጨረሻው በረራ ሲቀር ስልክ የሚያነሣ ጠፋ፤ ገንዘቤም አልተመለሰም። ስለዚህ ትኬታችሁን ቀጥታ ከአየር መንገዱ ቁረጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦዶ ላይ አንድ የማደሪያ ሌሊት አስቡ። ቦዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ የባህል መዲና ተብላ የተመረጠች ከተማ ስለሆነች ማደሩ አይከብድም።

የሄድኩት በመርከብ ነው፤ አሁን ሳስበው ከመጀመሪያውም በመርከብ መሄድ ነበረብኝ። እንደ ዕለቱ መስመር በሞስከነስና በቬሮይ ደሴት በኩል ሊዞር ስለሚችል ጉዞው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። መርከቡ ለደሴቶቹ ሰዎች መኪናቸውን፣ አስቤዛቸውንና ፖስታቸውን የሚያመላልስ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጥንቁቅ ናቸው። ባሕሩ ሲናወጥ አንዱ ሠራተኛ በየመቀመጫው እየዞረ ሰዉን ወደ መርከቡ መካከል አዛወረ፤ ልጆች ላሏቸው ውኃ አመጣ። እኔን ሲያይ «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። የእናቴን ስምና የሠራችበትን ቤት ስነግረው «ያቺ ቀይ ሻርፕ የምታደርገው!» ብሎ ከጎኔ ተቀመጠ። በልጅነቴ የማውቃቸውን ሰዎች፣ የሞተውንም ያለውንም፣ ሮስት ሳንደርስ ነገረኝ።

ያረፍኩት ሮርቡ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ጎጆ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በባሕሩ ዳር በግንድ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። ሎፎተን ውስጥ የዚህ ዓይነት ቤት ታሪክ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1120 ገደማ የኖርዌይ ንጉሥ ኦይስታይን ለዓሣ አጥማጆች ማደሪያ ማሠራቱ ይነገራል። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን የሚሰጠው አገልግሎት ከዋጋው ይበልጣል። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ጠበቀኝ። ማሞቂያው ቀድሞ በርቷል። በመግቢያው ላይ የራሰ ልብስና ጓንት የሚያደርቅ ቁም ሣጥን አለ፤ ይህን የሚያስብ ሆቴል አላየሁም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ቢላዎች የተሳሉ ናቸው። ጎረቤቶቼ ዓሣ አጥማጆች ስለሆኑ ጎሕ ሳይቀድ የጀልባ ሞተር ይነሣል፤ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ይህን ከወዲሁ ይወቀው።

በማግስቱ ማለዳ የበሩ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በውስጡ ገና የተያዘ ዓሣ ከጉበቱና ከእንቁላሉ ጋር ነበር። የጎጆው ባለቤት አልፋ ስትሄድ ቆም ብላ ውኃው እንዳይፈላ፣ ዓሣው ለብ ባለ ሙቀት ብቻ እንዲበስል፣ ጉበቱ ለብቻው በትንሽ ውኃ እንዲቀቀል አስረዳችኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበረ ለእናቴ ደወልኩ። እርሷ ያን ሁሉ ዓመት የዓሣ ወቅቱና ጾሙ እየገጠመባት፣ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ውስጥ እየዋለች ዓሣ ሳትቀምስ ነበር የምትፈታው። «አንተ መንገደኛ ነህ፤ የሰው እጅ አይመለስም፤ ብላ ልጄ» አለችኝ። በላሁ።

ስለ ጾም ካነሣሁ ስለ ሱቁም ልንገራችሁ። እናቴ በመጀመሪያው ዐቢይ ጾሟ ምስር ፍለጋ ሱቁ ገብታ አጣች። ቋንቋውን ገና አታውቅምና በወረቀት ላይ ሥላ አሳየች። ባለ ሱቁ በሚቀጥለው መርከብ አስመጣላት፤ ከዚያም በየዓመቱ ከየካቲት ጀምሮ እየጨመረ ያስመጣ ነበር። አሁን ሱቁን የያዙት ሌሎች ናቸው፤ ቀይ ምስሩ ግን በመደርደሪያው ላይ አለ። አትክልት መርከብ ከዘገየ ይሳሳል፤ በርበሬና ሽሮ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የሮስት ዋና ነገር ዓሣው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስክሬይ የሚባለው ትልቁ ኮድ ዓሣ በክረምቱ ብርድ ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሎፎተን ይመጣል። አጥማጆቹ ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ ሁለት ሁለቱን በጅራታቸው አስረው በእንጨት መስቀያ ላይ ያንጠለጥሉታል። ጨው አይነካውም፣ ጭስም አይነካውም። እንደ እኛ ቋንጣ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ የሚያደርቀው ግን አየር ብቻ ነው። ሮስት ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን ብትሆንም ሞቃቱ የባሕር ሞገድ ስለሚያልፍባት የክረምቷ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ ነው። ብርዱ ቢጠነክር ሥጋው በውርጭ ይበላሻል፤ ሙቀቱ ቢጨምር ዝንብ ይፈላበታል። ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህች ጠባብ ልክ ላይ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሲወርድ ክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቀርቶ እንጨት ይመስላል። የሎፎተን ደረቅ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ በትውልድ ቦታው ስም የተጠበቀ ምርት ነው። ምርጡ ወደ ጣሊያን ይሄዳል፤ የደረቀው ጭንቅላት ደግሞ ወደ ናይጄሪያ።

ወደ ዓሣ ማዘጋጃው ለመግባት ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ መጠየቅ በቂ ነው። እኔን ያስገቡኝ ካለፈው ዓመት የተረፈው ዓሣ ወደሚመረጥበት መጋዘን ነበር። መራጩ አረጋዊ ናቸው። አንዱን ዓሣ አንሥተው ወደ መብራቱ አዞሩት፣ ሆዱን ከፍተው አዩ፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፣ አንገቱ ሥር አሸተቱና ዞር ብለው ሳያዩ ወደ ቁልሉ ወረወሩት። ሃያ ያህል ደረጃ አለ፤ ሁሉም በእጃቸውና በአፍንጫቸው ይለያል። ለምን እንዲህ እንደመደቡት በጠየቅኳቸው ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ዓሣውን በእጄ እያስያዙ አስረዱኝ። ለዚህ ገንዘብ አልጠየቁኝም።

ውጭ ደግሞ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የዓሣ ምላስ ትቆርጥ ነበር። ጭንቅላቱን በቆመ ብረት ላይ ትሰካለች፣ በቢላው አንድ ጊዜ ታስኬደዋለች፣ ምላሱ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። በሎፎተን ይህ ሥራ የልጆች ነው፤ ገቢውም የራሳቸው ነው። እኔም የመጀመሪያ ብስክሌቴን የገዛሁት በዚሁ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን አሳዩአቸው።

ስለ ክፍያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በካርድ መክፈል ሁሉም ቦታ ይቻላል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ለጉዞ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቡናና ዋፍል ሲሸጥ፣ ወይም አንድ ሰው ጓንት ሠርቶ ሲሸጥ፣ የሚከፈለው ቪፕስ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የኖርዌይ ባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል። እንደ እኔ ሒሳቡን ዘግቶ የወጣ ሰው ይቸገራል። ጥቂት የኖርዌይ ክሮነር በእጃችሁ ያዙ። ዋፍሉን የሸጠችልኝ እናት ግን «ነገ ሱቁ ጋ ተወው» ብላ ሸኘችኝ።

በአንድ የጉብኝት ድረ ገጽ ላይ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው የተባለ ምግብ ቤት በሄድኩበት ምሽት ሁሉ ዝግ ነበር። በመጋቢት በጀልባ ወደ ወፎቹ ደሴቶች የሚወስድም የለም። ሮስት የኖርዌይ ትልቁ የፓፊን ወፍ መፈልፈያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥንድ ይቆጠርባት ነበር። ጫጩቶቹ የሚመገቡት ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ግልገል በየጊዜው ስለጠፋባቸው ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሏል። እነርሱን ለማየት ሰኔ ይሻላል፤ ለዓሣው ግን መጋቢት።

ሮስት እንግዳ መቀበል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ቬኒሳዊው ነጋዴ ፒዬትሮ ኩዌሪኒ እ.ኤ.አ. በ1431 ከቀርጤስ ወይን ጭኖ ወደ ፍላንደርስ ሲጓዝ መርከቡ ተሰብሮ በጥር 1432 ባሕሩ ሮስት ላይ ጣላቸው፤ ከ68 ሰዎች በሕይወት የተረፉት 11 ብቻ ናቸው። ደሴተኞቹ እስከ ግንቦት ድረስ በየቤታቸው አኑረው፣ ደረቅ ዓሣ ስንቅ አስይዘው ሸኟቸው። ሰዎቹ ያረፉበት የሳንዶያ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ማረፊያ ስትይዙ ባለቤቶቹን ብትጠይቁ የሚያደርሳችሁ ሰው ይፈልጉላችኋል፤ ይህም እንደ ባሕሩ ሁኔታ ነው።

ሮርቡ ለመያዝ የምትፈልጉ ከገና በፊት ደውሉ። ከጥር ጀምሮ ከሌላ ቦታ የሚመጡት አጥማጆች ይይዙታል፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለእነርሱ ነው፤ ሊሆን የሚገባውም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የሸንገን ቪዛ ስለሚያስፈልገው ከዚያም ቀደም ብሎ ይነሣ። ነፋስ የማያስገባ ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ ይዞ መሄድ የግድ ነው፤ ጃንጥላ ግን ቤታችሁ ተዉት።