«ከብርቅ እንጨት» ስለሚሠራው የመንጠቆ ዘንግ እጀታ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ዳር በመንጠቆ ለምታጠምዱ፣ በተለይም በዕረፍት ቀን ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትመጡ ወገኖች ይህን ማስጠንቀቂያ መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቴሌግራምና በቲክቶክ «በልክዎ የሚሠራ፣ ሌላ ሰው የሌለው የዘንግ እጀታ» የሚል ማስታወቂያ በርክቷል። ሻጮቹ ዘንጉ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የቡሽ እጀታ አንሥተው በምትኩ የመቶ ዓመት ወይራ፣ ዞጲ፣ የደረቀ የበለስ ቁልቋል አጽም፣ አልፎ ተርፎም የበቆሎ ቆረቆንዳ ሬዚን በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ሞልተው እንደሚገጥሙ ይናገራሉ፤ ግማሹን ዋጋ በቀብድ፣ ዘንጉን ደግሞ በእጃቸው ተቀብለው ሥራውን ይጀምራሉ። ሐሳቡን አልነቅፈውም። በሌላው ዓለም ከቁልቋል አጽምና ከቆረቆንዳ የሚሠሩ ያማሩ እጀታዎች አሉ፤ በሙያው ተዘጋጅተው ከሆነም ለዓመታት ያገለግላሉ። የምቃወመው እዚህ በእኛ አካባቢ በዚሁ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ያልደረቀ፣ የተለሰነና የተቀባ መሆኑን ነው።

ከእነዚህ እጀታዎች አንዱን ባለቤቱ ፈቅዶልን ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ ቶርኖ ቤት በቁመቱ አስሰንጥቀን ተመልክተነዋል። ከላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ «ጥቁር ወይራ» ነበር። ሲከፈት ግን ጥቁረቱ ከቆዳው አላለፈም፤ ከሥሩ የወጣው እንጨት ገርጣ ያለና ሲዳሰስ የሚቀዘቅዝ፣ ገና እርጥበት ያልለቀቀው ነው። በጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ስንጥቅ በሰጋቱራና በሱፐር ግሉ ተደፍኖ፣ በላዩ የጫማ ቀለም የሚመስል ነገር ተቀብቶ በቫርኒሽ ተሸፍኗል። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ስለ ነበር ክፍተቱ በስኮች ጥቅልል ተሞልቷል፤ ማጣበቂያው ያለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው። መሐሉ ባዶ ስለሆነ ውኃ በጫፉ ሰርጎ እዚያው ይቀመጣል፤ ትልቅ አምባዛ የያዘ ሰው ዘንጉን ሲስብ ደግሞ እጀታው በእጁ ውስጥ ይዞራል።

የስንጥቁ ምክንያት ምሥጢር አይደለም። እንጨት እርጥበቱን ሲለቅ ይኮማተራል፤ መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ውጭ ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ነው። ስለዚህ የግንዱን ወይም የቅርንጫፉን እምብርት መሐሉ ላይ ይዞ የተሠራ እጀታ ሲደርቅ መሰንጠቁ የሚጠበቅ ነው። የእጀታውን ጫፍ ብታዩ ቀለበቶቹ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ዒላማ ክብ ሠርተው ከታዩ ባትገዙት ይሻላል፤ ጥሩ እጀታ ከግንዱ ጎን ተሰንጥቆ የወጣ ስለሆነ ቀለበቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፍ መስመር ሆኖ ይታያል። በአናጢዎች ዘንድ የተለመደው ግምት በጥላ የሚደርቅ እንጨት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል የሚል ነው። ለከዘራና ለዱላ እንጨት የሚያዘጋጁ አባቶቻችን ይህን ያለ ሠንጠረዥ ያውቁት ነበር፤ ቆርጠው ያመጡትን በዚያው ሳምንት አይጠርቡትም። ዛሬ ተቆርጦ በሁለት ሳምንት «ያለቀለት» ወይራ የሚያስረክብ ሰው ግን ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

እዚህ ላይ የወሎ አየር ራሱ ሻጩን ያግዘዋል። በክረምት በደሴ ብርድና እርጥበት የተሠራ እጀታ በመስከረም ሲያስረክቡት እንከን የለሽ ይመስላል፤ በጋው ሲገባ፣ ይልቁንም ወደ ባቲ ቆላ ይዞት የወረደ ሰው እጅ ላይ፣ አፉን ይከፍታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ የሚችልበትን ጊዜ 15 ቀን አድርጎታል። ስንጥቁ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ የተሻለ ዋስትና በጽሑፍ ያልሰጠን ሻጭ ቢያንስ የአንድ በጋ ዋስትና ልንጠይቀው ይገባል፤ እንጨቱን የሚያምን ሰው ይህን ለመፈረም አያንገራግርም።

ስለ ቆረቆንዳና ስለ ቁልቋል አጽም የሚባለው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። የበለስ ቁልቋል ሥጋው በስብሶ ሲወድቅ የሚቀረው እንደ መረብ የተቦረቦረ አጽም ነው፤ የቆረቆንዳ መሐልም እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው። ሁለቱም ለእጀታ የሚበቁት ፍጹም ከደረቁ በኋላ በቫኪዩም አየራቸው ተስቦ ሬዚን ውስጣቸው ሲገባና በምድጃ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲጠነክር ነው። በብሩሽ ከላይ የተቀባ ሬዚን ሽፋን ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከተጫረ ውኃው ገብቶ ውስጡን ያሻግተዋል። ሻጩን የቫኪዩም ዕቃውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከሌለው ቆረቆንዳውን ለማገዶ ይተወው።

ዞጲ ነው ለሚባለውም ቀላል መፈተኛ አለ። እውነተኛው ዞጲ ከውኃ ስለሚከብድ ትንሽ ቁራጩ ይሰምጣል፤ የተቀባ ባሕር ዛፍ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የእጀታውን የውስጥ ቀዳዳ መመልከት ይጠቅማል። ውጩን በቫርኒሽ ይሸፍኑታል እንጂ ቀዳዳውን የሚያስታውሰው የለም። እርጥበቱን ለማወቅ ደግሞ ያልተቀባውን እንጨት በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝናችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ገና እየደረቀ ነው።

«ከገዳም ደን የወደቀ ጥድ» የሚለው ማባበያም እየተለመደ መጥቷል። ውሸት ከሆነ ያው ማታለል ነው፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ማን ፈቅዶ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ሊኖር ይገባል።

እንጨቱ እውነተኛና ደረቅ ቢሆን እንኳ ክብደቱን አስቡበት። ቡሽ ከወይራ ቢያንስ አራት እጥፍ ስለሚቀል፣ ቀላል የካርቦን ፋይበር ዘንግ ላይ ሙሉ የወይራ እጀታ የተገጠመለት ሰው ሚዛኑ ወደ ኋላ ተስቦ፣ የቆሮሶን ቀጭን ንክሻ በእጁ መስማት ያቅተዋል። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ለእጅ መያዣው ቡሹን ትቶ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል የሚቀመጥበትን ቦታ ብቻ በጌጥ እንጨት እንዲሠራ ይመክራችኋል።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ የተጻጻፋችሁትን መልእክት፣ የባንክ ደረሰኙንና የማስታወቂያውን ፎቶ አታጥፉ፤ ደረሰኝ አልሰጥም ያለውንም ለአካባቢያችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ዘንጋችሁን ገና ካላስረከባችሁ ደግሞ እጀታው ተጠናቆ፣ በሁለቱ ጫፎቹና በቀዳዳው ተፈትሾ እስኪያልቅ ድረስ ከእጃችሁ አታውጡት፤ ሻጩ የሚያስፈልገው የዘንጉ ውፍረት ስለሆነ እናንተው ቆማችሁ በካሊብሮ ለክቶ መመለስ ይችላል። የፋብሪካው ቡሽ አንዴ ተፍቆ ከተነሣ እሱን የሚመስል ቡሽ ደሴ ገበያ ላይ አይገኝም።